ውሃውን ቀምሰኸዋል?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት ጣና ዳር ቡና ከምጠጣበት ቦታ ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ላፕቶፑን ከፈተ። የጣናን ተፋሰስ የከርሰ ምድር ውሃ በኮምፒውተር ሠርቶታል። ሰማያዊ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ቀይ አለ። ውሃው ከጉና ወደ ፎገራ፣ ከሰከላ ወደ ሐይቁ ሲወርድ በቀስት ይታያል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያምራል። እኛ በእርሳስና በሚሊሜትር ወረቀት ወራት የምንፈጅበትን እሱ በቀናት ጨርሶታል።

«ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» አለኝ።

«ጎበዝ ነህ» አልኩት። «ውሃውን ቀምሰኸዋል?»

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ስልክ ተደወለለት፣ ተሰነባበትን።

ቀልድ ግን አልነበረም። ያን ቀን ያልጨረስኩትን ወሬ ነው እዚህ የምጽፈው። ጂኦሎጂ ለምትማሩ፣ የውሃ ምህንድስና ለምትማሩ፣ ወይም ገና የመጀመሪያ ደሞዛችሁን ለተቀበላችሁ ልጆች ነው። ሌላው ቢያነበውም አይጎዳውም። ውሃ የማይጠጣ የለም።

ስለ ጣና ሲወራ ሰዉ ሁሉ ስለ እምቦጭ ነው የሚያወራው። ልክ ነው፣ አረሙ ያስጨንቃል። ከላይ የሚንሳፈፈውን ያየ ግን ከታች ያለውን ይረሳል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ በሆነበት ቦታ ብትለኩት ደግሞ ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ በሉት። ትሪውን የሠራው ድንጋይ ነው።

የዚህ ደጋ አብዛኛው አለት ባዛልት ነው፤ ጥቁር ድንጋይ የምንለው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት ከመሬት ስንጥቅ እየወጣ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ደጋውን ሠራው። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በጂኦሎጂ አቆጣጠር ትናንት በሚባል ጊዜ፣ ከሐይቁ ደቡብ ሌላ ቅልጥ አለት ፈሰሰና የወንዙን መውረጃ ዘጋው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ተኛ። ጣና እንዲህ ተፈጠረ። ከሐይቁ ወለል የወጣ ጭቃ ሲመረመር ደግሞ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ጭራሽ ደርቆ እንደነበር ታውቋል። ዛሬ ታንኳ የሚቀዘፍበት ቦታ አቧራ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ውሃው ዳር ቁጭ ብዬም ቢሆን ይጠማኛል።

ባሕር ዳር የተቀመጠችው በዚያ ወጣት ድንጋይ ላይ ነው። አጥር የተሠራበትን ድንጋይ ቆም ብላችሁ እዩት። ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ እንደ እንጀራ ዓይን። አመጣጡም አንድ ነው። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲረጋ ጋዙ እየፈነዳ ይወጣና ዓይን ይተዋል። ቅልጥ አለትም ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሠርቶ ቀዳዳውን ትቶለት ሄዷል። በዚህ ቀዳዳና አለቱ ሲቀዘቅዝ በተሰነጣጠቀው ስንጥቅ ነው ውሃ የሚያልፈው። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ በኢንፍራንዝ በኩል፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቁት ምንጮች የሚወጡት ከዚህ ድንጋይ ነው።

የጥንቱ ባዛልት ግን ሌላ ነው። እሱም ሲወለድ ዓይን ነበረው። አሁን ግን አብዛኛው ዓይኑ ተደፍኗል። ድንጋዩን በመዶሻ ስበሩት፤ ጥቁሩ ውስጥ ነጭ ፍሬ ፍሬ ታያላችሁ። ካልሳይት ነው፣ ወይ ዚዮላይት የሚባለው ማዕድን። የደፈነው ማን ይመስላችኋል? ውሃው ራሱ ነው። ከአንዱ ቦታ በልቶ ሌላው ቦታ አስቀመጠው።

እኔ ይህን ሥራ የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ የከርሰ ምድር ውሃ ማለት በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ይመስለኝ ነበር። መሬቱ በርሜል፣ እኛ ቀጂ። እንደዚያ አይደለም። ውሃው እዚያ ታች ሥራ ላይ ነው። ይበላል፣ ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ ይተክላል።

አበላሉ እንዲህ ነው። ዝናብ ሲወርድ ከአየሩ ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ንጹህ የሚባለው ዝናብም እጅግ ለስላሳ አሲድ ነው፤ ፒ ኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ 5.6 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ዋናውን ጉልበት የሚያገኘው ግን አፈር ውስጥ ነው። ሥር ይተነፍሳል፣ ትል ይተነፍሳል፣ በዓይን የማይታየው ሁሉ ይተነፍሳል። አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይኛው አየር አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም መቶ እጥፍ ይሆናል። ውሃው በዚያ ሲያልፍ ጋዙን ይጠጣል። አምቦ ውሃ ስትከፍቱ ተፍ ተፍ የሚለው ጋዝ ይኸው ነው፤ የአምቦው ከጥልቅ መሬት ስለሚመጣ በዝቷል እንጂ።

ጋዝ የጠጣ ውሃ ጥርስ አለው። ባዛልት ላይ ሲደርስ ከማዕድናቱ መጀመሪያ ኦሊቪን የሚባለውን ይነክሳል፤ እሱ ቶሎ እጅ ይሰጣል። ከዚያ ፓይሮክሲኑን፣ ፕላጂዮክሌዙን። ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየም፣ ሲሊካ (አሸዋ የተሠራበትን ነገር) ይወስዳል። ጋዙ ደግሞ ወደ ባይካርቦኔት ይቀየራል። በነከሰ ቁጥር አሲዱ እየደከመ፣ ፒ ኤቹ እየጨመረ ይሄዳል። ጥርሱ ያልቃል በሉት። ሱቅ ሄዳችሁ የታሸገ ውሃ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ትንንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ባይካርቦኔት ይህን ያህል፣ ካልሲየም ይህን ያህል ይላል። ብዙ ሰው ፋብሪካው የጨመረበት ይመስለዋል። ውሃው ባለፈበት መንገድ ሁሉ የለቀመው ነው።

ከድንጋይ ድንጋይ ይለያል። ባሌ ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ያየ ያውቀዋል። እዚያ ድንጋዩ ኖራ ድንጋይ ነው፤ ለአሲድ ወዲያው ይሟሟል። ውሃው በልቶ በልቶ ወንዝ የሚያሳልፍ ዋሻ ሠራበት። ባዛልት እንደዚያ አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። የተረፈውም ባዶ ጉድጓድ አይሆንም፣ አፈር ይሆናል።

አፈሩን ካነሳን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዘመኔ ካየሁት ሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ከመራዊ ወደ ዱርቤቴ ስትሄዱ አፈሩ ቀይ ነው። ፎገራ ስትደርሱ ጥቁር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ የሚያወልቅ፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው ዋልካ። ሁለቱም የባዛልት ልጆች ናቸው። እናታቸው አንድ ሆና ልጆቹ ለምን እንዲህ ተለያዩ? ውሃው ነው የለያቸው። ተዳፋት በሆነው፣ ውሃ ሰርጎ በሚያልፍበት ቦታ፣ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ከውሃው ጋር ይነጉዳል። ብረቱና አሉሚኒየሙ ይቀራል። ብረቱ ይዝጋል፣ አፈሩ ይቀላል። ሜዳ በሆነው፣ ውሃ በሚተኛበት ቦታ ግን የሟሟው ነገር መሄጃ የለውም። እዚያው ተመልሶ ይጋገርና ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ይሆናል። ገበሬው ይህን በስሙ ሳይጠራው ያውቀዋል። በቀዩ በቆሎ ይዘራል፣ በጥቁሩ ሩዝና ጓያ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አይስላንድም እንደኛ ባዛልት ላይ የተቀመጠች አገር ናት። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ውሃ ውስጥ አሟምተው ወደ ባዛልት ውስጥ ለቀቁት። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አወጡ። ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ድንጋይ ሆኗል። ሌላው ዓለም ሲደነቅ እኔ የታዩኝ እነዚያ በሰበርኳቸው ድንጋዮች ውስጥ ያሉት ነጫጭ ፍሬዎች ናቸው። የእኛ ተራራ ይህን ሥራ ማንም ሳያዘው ሲሠራው ኖሯል።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በ1978 ዓ.ም. ነው። የ77ቱ ድርቅ ገና ከሰው አፍ አልወጣም። ቶሎ ቆፍሩ፣ ቶሎ አስረክቡ የሚባልበት ጊዜ ነበር። እኔ ከአራት ኪሎ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ፎገራ ሜዳ ዳር አንድ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ውሃው ጥሩ መጠን አለው። በጠርሙስ ቀድቼ ወደ ፀሐይ አነሳሁት፤ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ሳምፕሉን መኪናው ኋላ ወረወርኩትና ሌላ ሦስት መንደር ዞርኩ። ቤተ ሙከራ የደረሰው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ውጤቱ መጣ። ብረት፦ እዚህ ግባ የማይባል። ፈረምኩ። የእጅ ፓምፕ ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፍየል ታረደ።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያ ሳልፍ ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ፓምፑን እያለፉ ወደ ወንዝ ሲወርዱ አየሁ። ተናደድኩ። እውነት ለመናገር የተናደድኩት ለእነሱ ጤና አዝኜ ብቻ አልነበረም። ጉድጓዱ የእኔ ነው።

«ምነው እማማ፣ ንጹህ ውሃ እያለ?» አልኳቸው አንዲት አሮጊትን።

«ልጄ፣ ያንተ ውሃ ሻይ ያጠቁራል። ነጠላ ያበላሻል። ለከብት ነው የምንቀዳው፤ ከብቱም ያኮርፋል» አሉኝ።

ወረቀቴን አወጣሁ። «ይኸው ተመርምሯል፣ ደህና ነው ይላል» አልኩ። ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅሁ ወረቀት አሳየኋቸው። እስካሁን ያሳፍረኛል።

«እንግዲያው ወረቀቱን አፍልተህ ጠጣው» አሉኝ።

ከዚያ ቤታቸው አስገቡኝና ሻይ አፈሉ። በፓምፑ ውሃ። ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ሻይ አልነበረም፣ ቀለም ነበር። እስክሪብቶ ብትነክሩበት ይጽፋል።

የሆነው ይህ ነው። ብረት ሁለት ጠባይ አለው። ኦክስጅን ካለ ዝገት ይሆንና ይቀመጣል፣ ውሃ ውስጥ አይገባም። ኦክስጅን ከሌለ ይሟሟል፣ አይታይም። የፎገራ ሜዳ ሐይቁና ወንዞቹ ያስቀመጡት ደለል ነው፤ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር አብሮት ተቀብሯል። መበስበስ ኦክስጅን ይበላል። ስለዚህ እዚያ ታች ያለው ውሃ እስትንፋስ የለውም፣ ብረቱን ከነሙሉ ኪሱ ይዞ ይወጣል። ሲወጣ ኩልል ያለ ነው። አየር ሲያገኘው ይደፈርሳል፣ ይቀላል። ሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይጠቁራል።

ታዲያ ቤተ ሙከራው እንዴት ሳያየው ቀረ? ቢሮ ተመልሼ ያንን ጠርሙስ ፈለግሁት። ግድግዳውና ግርጌው ላይ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። በአሥሩ ቀን ጉዞ ብረቱ ዝጎ ጠርሙሱ ላይ ተጣብቋል። እነሱ የለኩት ከላይ የቀረውን፣ ብረቱ የወጣለትን ውሃ ነው። ጥፋቱ የቤተ ሙከራው አይደለም፤ የላክሁላቸውን ለክተዋል። እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ ብጨምር ኖሮ ብረቱ እንደሟሟ ይቆይ ነበር። አሲዱ ደግሞ መኪና ውስጥ ነበረ። ሣጥኑን መክፈት ሰነፍኩ፣ ያው ነው።

ለእናንተ የምመክረው እንግዲህ ከዚህ ይነሳል። ውሃ ከጉድጓድ በወጣባት ደቂቃ መለወጥ ይጀምራል። ጋዙ ያመልጣል፣ ፒ ኤቹ ይጨምራል፣ ካልሲየሙ ይቀመጣል፣ ብረቱ ይዝጋል። ቢሮ የሚደርስላችሁ የውሃው ሬሳ ነው። በሕይወት እያለ ማግኘት የምትችሉት እዚያው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር፣ ፒ ኤች መለኪያና ኮንዳክቲቪቲ መለኪያ (ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካው) ከምሳ ዕቃችሁ በፊት ያዙ። ፓምፑ ሲሠራ ቆይቶ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ሁለት ጠርሙስ ሙሉ። አንዱ ተጣርቶ አሲድ የገባበት፣ ለብረትና ለመሰሎቹ። ሌላው ምንም ያልገባበት፣ አየር እንዳይቀር እስከ አፉ የሞላ። የሃይላንድ ጠርሙስ አጥቦ መውሰድ የለመደባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ተዉት።

ውጤቱ ሲመጣም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ኤሌክትሪካዊ ሙል አለው፤ የፖዘቲቩና የኔጋቲቩ ድምር መመጣጠን አለበት። ልዩነቱ ከአምስት በመቶ ካለፈ አንድ ነገር ጎድሏል ወይ ተሳስቷል። በሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ ፊት ቆማችሁ ሚዛኑን እንደምታዩት ነው። እዩት።

ሴቶቹን ጠይቁ። ይህን ማንም በክፍል ውስጥ አላስተማረኝም። ውሃ የሚቀዳው ሰው ከመሣሪያችሁ በፊት ያውቃል። ሳሙናው አረፋ ያወጣል? ጀበናው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል? ልብሱ ይቀላል? የሚቀላው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ታድናለች። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ብረቱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ጠዋት ብቻ ሆኖ ጥቂት ሲቀዳ የሚጠራ ከሆነ ግን ድንጋዩን አትክሰሱ። ሌሊቱን የተኛው ውሃ የፓምፑን ቧንቧ ሲበላ ያደረ ነው።

ሪግ፣ ማለትም መቆፈሪያ ማሽን፣ ላይ የሚሠሩትንም አትናቁ። አንድ አብሬው ብዙ ዓመት የሠራሁ ቆፋሪ በማሽኑ ድምፅ ብቻ ድንጋዩ መቀየሩን ይነግረኝ ነበር። ዲግሪ የለውም። እኔ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ እሱ «ነጭ ፍሬ መጣ፣ እዚህ ውሃ የለም» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነበር።

ቅመሱ ስላችሁ ጠጡ ማለቴ አይደለም፤ ይህን ግልጽ ላድርግ። ምላስ ብረትን ያውቃል፣ ጨውን ያውቃል። የባሰውን ግን አያውቅም። ፍሎራይድ ጣዕም የለውም። ነገሩን ለመረዳት ሸክላ አፈርን እንደ ነጋዴ አስቡት። ውሃው በሸክላ መሃል ረጅም ጊዜ ሲጓዝ ካልሲየሙን ይሰጥና በምትኩ ሶዲየም ይቀበላል። ውሃው ለስላሳ ይሆናል፣ ሳሙና ያረፋል፣ ሰው ይወደዋል። ፍሎራይድን ግን ይዞ የሚያስቀምጠው ካልሲየም ነበር። እሱ ሲሄድ ፍሎራይዱ ልጓም ያጣል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በዝዋይና በመተሐራ በኩል፣ የእሳተ ገሞራው አመድና ድንጋዩ ፍሎራይድ የበዛበት ስለሆነ ችግሩ ከባድ ነው። ጥርስ ይበልዛል፣ ብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በእኛ ደጋ ባዛልት ቁጥሩ በአብዛኛው ዝቅተኛ ነው። በአብዛኛው ማለት ግን ሁልጊዜ ማለት አይደለም፤ ለኩ።

ከሽንት ቤት ቆሻሻ ወደ ውሃ የሚገባው ናይትሬትም እንዲሁ ጣዕም የለውም። እዚህ ከተማችን ውስጥ በየግቢው የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ላይ ሽንት ቤት አለ። ያ እንደ እንጀራ ዓይን ያለው ድንጋይ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል ብዬ አመስግኜው ነበር አይደል? ቆሻሻውንም እንደዚያው ቶሎ ያሳልፋል። ስንጥቅ ወንፊት አይደለም። «እናፈላዋለን» የሚል አለ። ማፍላት ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ናይትሬቱን ግን አይነካውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይወፍራል። ለሕፃን ልጅ አደገኛ ነው። የሰፈር ሰው ሲጠይቃችሁ ይህን ሳታስፈራሩ ንገሩ።

አንድ እረፍት ቀን ደግሞ ወደ ዋንዛዬ ውጡ። ደራ ውስጥ፣ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው ፍል ውሃ ነው። ሰው ለመፈወስ ይታጠብበታል፤ በዚያ ክርክር አትግጠሙ። የእናንተ ሥራ ሌላ ነው። ያ ውሃ ዝናብ ነበር። በስንጥቅ ወርዶ ወርዶ፣ መሬቱ በየኪሎ ሜትሩ ሲሞቅ አብሮ ሞቆ፣ በሌላ ስንጥቅ ተመለሰ። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው የበለጠ ሲሊካ ያሟማል። ሲወጣ ቶሎ አይጥለውም። ስለዚህ ላይ የቀዳችሁትን ሲሊካ ለክታችሁ ታች ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር መገመት ትችላላችሁ። እኔ ይህን መጀመሪያ ስማር ፍል ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ የሆነ ሰው ደብዳቤ ከሩቅ የጻፈልኝ ያህል ተሰማኝ። ቄሱ «ምን ሆንክ?» አሉኝ። ማስረዳት አቃተኝ።

የፎገራዎቹን ነገር ሳልጨርስ ቀረሁ። ጉድጓዱን ማስዘጋት ፈልጌ ነበር። አሮጊቷ ከለከሉኝ። «ዝናብ ሲዘገይ ወንዙም ይነጥፋል፤ ይቆይልን» አሉ። በርሜል ላይ ቀዳዳ ክዳን አድርገን፣ ውሃው እየተንጠባጠበ አየር እንዲያገኘው፣ ከዚያ በአሸዋና በጠጠር እንዲያልፍ ሠራን። ብረቱ አሸዋው ላይ ይቀራል። አሸዋው በየጊዜው ካልታጠበ ግን ይደፈናል። አንዳንድ ወር ይታጠባል፣ አንዳንድ ወር ይረሳል። ፍጹም መፍትሔ አልነበረም። ሻዩ ግን ቀላ።

ያ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ነፋስ ይሰማል፣ ዶሮ ይሰማል። ሊቦከምከም በኩል የሆነ መንደር ነው ያለው።

«ጋሼ፣ ቀመስኩት!» አለኝ። «ብረት ብረት ይላል። ባልዲው ውስጥም ቀላ ብሏል። ደለሉ ነው አይደል?»

«ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ልጠይቅዎት» ሲል ሰማሁት። የጀሪካን ድምፅ መጣ። አንዲት ሴት ሳቀች፣ ቆይታም «ኧረ ጠዋት ጠዋት ነው እንጂ፣ ሁለት ጀሪካን ከቀዳን በኋላማ ኩልል ይላል» አለችው።

«ጋሼ፣ ቧንቧው ነው!» ብሎ ጮኸብኝ።